ትልቅ የዳታቤዝ ውጤት ራም ሳይሞላ የማንበብ አሠራር

የበጀት ዓመት ሲዘጋ ከገላን፣ ከቃሊቲ፣ ከሰበታም ሆነ ከለገጣፎ መጋዘን የሚጠየቀው ሪፖርት አንድ ዓይነት ነው፤ የዓመቱ ሽያጭ በሙሉ፣ ደረሰኝ በደረሰኝ ተዘርዝሮ ይምጣ። ዳታው ያለው መሃል ከተማ፣ ዋናው ቢሮ ሰርቨር ላይ ነው። መጋዘኑ ጋ ያለው ደግሞ 8 ጊጋባይት ራም የያዘ ዴስክቶፕ፣ በሞባይል ዳታ የሚሠራ ዶንግልና መብራት ሲሄድ ለጥቂት ደቂቃ የሚያቆይ ዩፒኤስ ነው። እንዲህ ባለ ቦታ የራም መሙላትና የሥራ መቋረጥ ተነጣጥለው አይታዩም። ውጤቱን በአንድ ጊዜ ለመጎተት የሞከረ ስክሪፕት ወይ ራሙን ሞልቶ ይቆማል፣ ወይ ሊጨርስ ሲል ኔትወርክ ይቆረጥበትና ከዜሮ ይጀምራል። መፍትሔው ለሁለቱም አንድ ነው፤ በትንሽ በትንሹ ማንበብ፣ የደረሱበትን ደግሞ መዝግቦ መያዝ።

ምሳሌዎቹ በፖስትግሬስና በማይኤስኪውኤል ዳታቤዞች፣ በፓይተን ፕሮግራሚንግ ቋንቋም ላይ ያተኮሩ ናቸው። በሌላ ቋንቋ የምትሠሩም ብትሆኑ አካሄዱ ያው ነው።

መጀመሪያ፦ ራሙን የጨረሰው ማን እንደሆነ ለዩ

ብዙ ጊዜ ጥፋቱ ለሰርቨሩ ይሰጣል፤ አብዛኛውን ጊዜ ግን የሚሞላው የአንባቢው ማሽን ነው። ፓይተን "ሜሞሪ ኤረር" ብሎ ካቆመ፣ ወይም ሊኑክስ ላይ "ኪልድ" የሚል አንድ ቃል ብቻ ወጥቶ ፕሮግራሙ ከጠፋ፣ ችግሩ እናንተ ጋ ነው። ሊኑክስ ላይ የዲሜሴጅ ትእዛዝን ብታዩ ከርነሉ የትኛውን ፕሮሰስ እንደገደለ ጽፎታል። ዊንዶውስ ላይ ምልክቱ ሌላ ነው፤ የዲስኩ መብራት ሳያቋርጥ ይበራል፣ ማውሱ ይንቀረፈፋል፣ ማሽኑ ስታክ ያደርጋል። ይህ ማለት ራሙ አልቆ ዲስክ እንደ ራም እየተሠራበት ነው። ስህተቱ ከዳታቤዙ ራሱ ተመልሶ የመጣ መልእክት ከሆነ ብቻ ወደ ሰርቨሩ ዙሩ፤ ያኔ የሚታየው የማደራጃ ሜሞሪው ልክና በአንድ ጊዜ የሚሠሩት ኩዌሪዎች (ለዳታቤዙ የሚላኩ ጥያቄዎች) ብዛት ነው።

ለምን አንባቢው ይሞላል? የፖስትግሬስም ሆነ የማይኤስኪውኤል የክላየንት ላይብረሪዎች (ከአንባቢው ማሽን ወደ ሰርቨሩ የሚያገናኙት) አብዛኞቹ፣ ካልተነገራቸው በስተቀር፣ ኩዌሪው የመለሰውን ሁሉ መጀመሪያ ራሳቸው ጋ ያከማቻሉ። በፓይተን "ፌችዋን" እያላችሁ አንድ በአንድ ብትወስዱም ለውጥ የለውም፤ "ኤክስኪዩት" ብላችሁ ኩዌሪውን የላካችሁ ጊዜ ሁሉም ረድፍ ተጓጉዞ ራማችሁ ውስጥ ገብቷል። በጣም የሚያሳስተው ይሄ ነው። ኮዱ ሲነበብ ቆጣቢ ይመስላል፤ ሜሞሪው ግን ከመጀመሪያው ረድፍ በፊት አልቋል።

ሁለተኛ፦ ከመሮጣችሁ በፊት አስሉ

12 ዓምድ ያለው የሽያጭ ዝርዝር እንውሰድ፦ 4 ሙሉ ቁጥር፣ 3 የገንዘብና የመጠን አሥርዮሽ ቁጥር፣ 1 የቀንና ሰዓት ዓምድ፣ 4 በአማርኛ የተጻፈ ጽሑፍ (የደንበኛ ስም፣ የዕቃ ስም፣ ቅርንጫፍ፣ ሻጭ)። ፓይተን ውስጥ አንድ ትንሽ ሙሉ ቁጥር 28 ባይት፣ አንድ "ዴሲማል" 104 ባይት፣ አንድ "ዴትታይም" 48 ባይት ይይዛል። 12 ዓምድ የሚሸከመው "ተፕል" ራሱ 136 ባይት ነው። ጽሑፍ ሲሆን ከፊደሉ በፊት ከ50 ባይት በላይ መነሻ አለው፤ በላዩ ላይ እያንዳንዱ የግዕዝ ፊደል 2 ባይት ይጨምራል። ስለዚህ 11 ፊደል ያለው ስም ወደ 80 ባይት ይደርሳል።

ድምሩ 136 ሲደመር 112 ሲደመር 312 ሲደመር 48 ሲደመር 320፣ ማለትም 928 ባይት ለአንድ ረድፍ። 5 ሚሊዮን ረድፍ ካላችሁ 4.6 ጊጋባይት ገደማ ሆነ። ገና አላለቀም። ላይብረሪው ከሰርቨር የተቀበለውን ጥሬ ቅጂ "ፌችኦል" (ሁሉንም ረድፍ በአንዴ የሚወስደው ትእዛዝ) እስኪጨርስ ድረስ አይለቅም። በጥሬው ቅጂ፣ በዩቲኤፍ 8፣ አንድ የግዕዝ ፊደል 3 ባይት ነው፤ የላቲን ፊደል 1 ብቻ። የየዓምዱ ምልክት ማድረጊያ ሲጨመር ጥሬው ቅጂ ወደ 2 ጊጋባይት ይጠጋል። 8 ጊጋባይት ራም ላይ ዊንዶውስ፣ ብራውዘርና ኤክሴል የያዙትን ስትቀንሱ የሚተርፈው ይህን አይችለውም። በእንግሊዝኛ ስሞች ተሞክሮ "ይሠራል" የተባለ ስክሪፕት ትክክለኛው ዳታ ላይ ሲወድቅ አንዱ ምክንያት ይሄው የፊደል ልዩነት ነው።

ሦስተኛ፦ የማያስፈልገውን አታስመጡ

ከሁሉ የሚበልጠው ቁጠባ እዚህ ነው፤ ብዙ ሰው ግን ዘሎት ወደ ኮዱ ይሄዳል። ሪፖርቱን የጠየቀው ክፍል በእርግጥ 5 ሚሊዮን ረድፍ ይፈልጋል? ወይስ በየወሩና በየቅርንጫፉ ድምሩን? ድምር ከሆነ "ግሩፕ ባይ" ሰርቨሩ ላይ ይሠራና የሚመጣው ጥቂት መቶ ረድፍ ይሆናል። 5 ሚሊዮን ረድፍ በሞባይል ዳታ አስመጥቶ ኤክሴል ላይ መደመር የራምም፣ የካርድም፣ የቀንም ኪሳራ ነው።

ዝርዝሩ የግድ ከሆነ ሁሉንም ዓምድ የሚጠራውን "ሰሌክት ኮከብ" አትጻፉ፤ የምትፈልጓቸውን ዓምዶች በስም ጥሩ። በተለይ የተቃኘ ደረሰኝ ምስል ሰንጠረዡ ውስጥ ከተቀመጠ ተጠንቀቁ። ፖስትግሬስ የባይት ዓምድን በጽሑፍ መልክ ሲልክ እያንዳንዱን ባይት በሁለት ፊደል ይጽፈዋል። 300 ኪሎባይት የነበረው ምስል 600 ሆኖ ይመጣል፤ 1,000 ረድፍ ብቻ ብትጠይቁም 600 ሜጋባይት ነው። "በትንሽ በትንሹ ነው የማነበው" ያለ ሰው ራም የሚሞላበት አንዱ ምክንያት ይሄ ስለሆነ፣ ምስሉን ለብቻው፣ ሲያስፈልግ በመለያ ቁጥሩ አስመጡት።

የጊዜ ገደቡም በትክክል ይቀመጥ። የ2016 በጀት ዓመት ከሐምሌ 1 ቀን 2015 እስከ ሰኔ 30 ቀን 2016 ነው፤ በጎርጎርዮሳዊው ከጁላይ 8 ቀን 2023 እስከ ጁላይ 7 ቀን 2024። "ከዚህ እስከዚህ" የሚለውን "ቢትዊን" ከመጠቀም ይልቅ "ከጁላይ 8፣ 2023 ጀምሮ፣ ከጁላይ 8፣ 2024 በታች" ብሎ መጻፍ የመጨረሻውን ቀን ሽያጭ ከመጣል ያድናል። ሰዓቱ በዓለም አቀፍ ሰዓት የተቀመጠ ከሆነ የእኛ እኩለ ሌሊት እዚያ በዋዜማው 21፡00 ነው፤ 3 ሰዓቱን ቀንሱ። በወር ከፋፍላችሁ የምታነቡ ከሆነ ደግሞ የወር መግቢያዎቹን በቋሚ ሰንጠረዥ አትያዙ። ጳጉሜን 2015 ዓ.ም. 6 ቀን ስለነበረች መስከረም 1 ቀን 2016 የዋለው ሴፕቴምበር 12 ነው፤ እስከ የካቲት ያሉት ወሮችም በአንድ ቀን ተገፍተው ነው የገቡት። ይህን ያላየ ስክሪፕት የአንድ ቀን ሽያጭ ወደማይገባው ወር ይከታል። ዓመታዊው ድምር ስለሚገጥም ስህተቱን ማንም አያስተውለውም።

አራተኛ፦ ከርሰር ወይስ በቁልፍ መቀጠል?

ሁለት መንገድ አለ። ከርሰር ማለት ኩዌሪው ሰርቨሩ ላይ ክፍት ሆኖ ይቆይና እናንተ እፍኝ እፍኝ ትወስዳላችሁ ማለት ነው። በቁልፍ መቀጠል ደግሞ በየጊዜው አዲስ አጭር ኩዌሪ መላክ ነው፤ "ከዚህ መለያ ቁጥር በላይ ያሉትን 5,000 ስጠኝ" እያሉ። ምርጫው ቀላል ነው። ስክሪፕቱ የሚሠራው ሰርቨሩ ላይ ወይም በዚያው ቢሮ በኬብል በተገናኘ ማሽን ከሆነ ከርሰር ይሻላል፤ ፈጣንና አጭር ነው። ከመጋዘን በዶንግል ከሆነ ግን በቁልፍ ቀጥሉ። ከርሰር ግንኙነቱ ሲቆረጥ አብሮ ይሞታል፤ ካቆመበት የሚቀጥልበት መንገድ የለውም።

*ከርሰር በፖስትግሬስ።* በሳይኮፒጂ 2 (ፓይተንን ከፖስትግሬስ የሚያገናኝ ላይብረሪ) ከርሰሩን ስትከፍቱ በ"ኔም" በኩል ስም ከሰጣችሁት ሰርቨር ላይ ይከፈታል፤ ስም ከሌለው የተለመደው ሁሉን አስመጪ ነው። በ"ፎር" ስታነቡት በአንድ ጊዜ የሚያመጣው በ"ኢተርሳይዝ" ይወሰናል፤ ሳትነኩት 2,000 ነው። ሳይኮፒጂ 3 ላይ ይኸው ቁጥር 100 ስለሆነ ሳታስተውሉ ከተዋችሁት ይንቀረፈፋል። የአንድ ደርሶ መልስ ጊዜ 80 ሚሊሰከንድ ቢሆን፣ 5 ሚሊዮን ረድፍ በ100 በ100 ሲመጣ 50,000 ደርሶ መልስ፣ ከአንድ ሰዓት በላይ በመጠበቅ ብቻ ያልፋል። በ5,000 ከሆነ 1,000 ደርሶ መልስ፣ 80 ሰከንድ ነው። በእኛ ስሌት 5,000 ረድፍ 4.6 ሜጋባይት ብቻ ስለሆነ ማንም ማሽን ይችለዋል። ስም ባለው ከርሰር ላይ "ፌችዋን" አትጠቀሙ፤ ለእያንዳንዱ ረድፍ ሰርቨር ድረስ ይመላለሳል።

ከርሰሩ የሚኖረው ትራንዛክሽኑ (እንደ አንድ ሥራ የሚቆጠረው የኩዌሪዎች ጥቅል) እስካለ ነው። መሃል ላይ "ኮሚት" ብላችሁ ትራንዛክሽኑን ካጸደቃችሁ ከርሰሩ ይዘጋል። "ዊዝ ሆልድ" በማለት ማቆየት ይቻላል፤ ዋጋው ግን ሰርቨሩ ሙሉ ውጤቱን "ኮሚት" ላይ ገልብጦ ማስቀመጡ ነው። ክፍት ትራንዛክሽንን ለረጅም ሰዓት ማቆየትም ጣጣ አለው፤ ቫኪዩም የሚባለው የፖስትግሬስ ማጽጃ የሞቱ ረድፎችን ማጽዳት ስለማይችል በሥራ ሰዓት ሰንጠረዡ ያብጣል። ስለዚህ ረጅም ንባብ ለሌሊት ይቀመጥ። ሥራን በሰዓቱ የሚያስነሳው ክሮን ላይ ስታስገቡ ከሌሊቱ 8 ሰዓት ማለት እዚያ 2 ነው፤ 8 ብላችሁ ከጻፋችሁ ልክ ቢሮ ሲከፈት ይነሳል።

ኮድ መጻፍ ለማይፈልግ፣ ፒኤስኪውኤል (የፖስትግሬስ የትእዛዝ መስመር ፕሮግራም) ላይ "ፌች ካውንት" የሚለውን ተለዋዋጭ 1000 አድርጉ፤ ከዚያ በኋላ ትልልቅ ውጤት በትንሽ በትንሹ ይመጣል። ወደ ሲኤስቪ ፋይል ለማውረድ ብቻ ከሆነ ደግሞ የ"ኮፒ" ትእዛዝ ከሁሉ ይቀላል፤ ረድፉን እንደመጣ ወደ ፋይል ስለሚያፈስ ራም አይጠይቅም ማለት ይቻላል።

*ማይኤስኪውኤል* ላይ በፓይማይኤስኪውኤል "ኤስኤስከርሰር" የሚባለውን ክፍል ምረጡ። ሰርቨሩ ረድፎቹን ሳያቋርጥ ይልካል፣ እናንተ እየተቀበላችሁ ትሠራላችሁ። ሁለት ነገር ያደናቅፋል። አንደኛ፣ ንባቡ ሳያልቅ በዚያው ግንኙነት ሌላ ኩዌሪ መላክ አይቻልም፤ መሃል ላይ ሌላ ነገር መፈለግ ካለባችሁ ሁለተኛ ግንኙነት ክፈቱ። ሁለተኛ፣ በየረድፉ ከባድ ሥራ ካለ ሰርቨሩ መላክ አቅቶት ይጠብቃል፤ "ኔት ራይት ታይምአውት" ካልተቀየረ 60 ሰከንድ ስለሆነ ከዚያ በኋላ ግንኙነቱን ይቆርጠዋል። ስህተቱ "ግንኙነት ጠፋ" ስለሚል ሰው ዶንግሉን ይራገማል፤ ጥፋቱ ግን የስክሪፕቱ ዝግታ ነው። ከትእዛዝ መስመር ሲሆን "ኩዊክ" የሚለውን አማራጭ ጨምሩ።

ጃቫ ላይ የፖስትግሬስ ድራይቨር "ፌች ሳይዝ"ን የሚያከብረው "አውቶኮሚት" ሲጠፋ ብቻ ነው፤ ካልጠፋ ያለ ምንም ማስጠንቀቂያ ሁሉንም ያመጣል። ጃንጎ ላይ "ኢተሬተር" ከፖስትግሬስ ጋር በትክክል ይሠራል፤ ከማይኤስኪውኤል ጋር ግን ድራይቨሩ ሁሉንም ራም ውስጥ ከማስገባት አያድንም። ፓንዳስም ላይ "ቸንክሳይዝ" ብቻውን አይበቃም፤ በኤስኪውኤልአልኬሚ ግንኙነት ላይ "ስትሪም ሪዘልትስ" ካልበራ የምትቆርሱት ቀድሞ ራም ውስጥ የገባውን ነው። ውሃውን ቤት ውስጥ ካፈሰሱ በኋላ በጀሪካን መቅዳት ማለት ነው።

አምስተኛ፦ ከመጋዘን ሲሆን፣ በቁልፍ መቀጠል

"ይህን ያህል ረድፍ ዝለል" የሚለው "ኦፍሴት" መጀመሪያ ላይ ያታልላል፤ ለመጀመሪያዎቹ ገጾች ፈጣን ነው። "ኦፍሴት 4 ሚሊዮን" ሲባል ግን ዳታቤዙ 4 ሚሊዮን ረድፍ አንብቦ ይጥልና ከዚያ 5,000 ይሰጣችኋል። ወደ መጨረሻ በቀረባችሁ ቁጥር ይከብዳል። በዚያ ላይ መሃል ላይ ረድፍ ከተሰረዘ አንዱ ይዘለላል፤ ከተጨመረም አንዱ ይደገማል።

በቁልፍ ሲሆን ኩዌሪው እንዲህ ይነበባል፦ መለያ ቁጥሩ ካለፈው የመጨረሻ ቁጥር የሚበልጥ፣ በመለያ ቁጥር "ኦርደር ባይ" የተደረገ፣ "ሊሚት 5000"። ዋናው ቁልፍ ኢንዴክስ (የመፈለጊያ ማውጫ) ስላለው የመጀመሪያውም የሺኛውም ጥያቄ እኩል ጊዜ ይወስዳል። በቀን የተገደበ ንባብ ከሆነ ግን በቀንና በመለያ ቁጥር አንድ ላይ ደርድሩ፣ ኢንዴክሱም ሁለቱን በዚያው ቅደም ተከተል ይያዝ። በመለያ ቁጥር ብቻ ደርድራችሁ በቀን ብታጣሩ ዳታቤዙ ከመጀመሪያው ዓመት ተነስቶ እያጣራ ሊመጣ ይችላል።

ሁለቱን ማነጻጸር በፖስትግሬስ በጥንድ ይጻፋል፤ "ቀን፣ መለያ" ከ"የመጨረሻ ቀን፣ የመጨረሻ መለያ" ይበልጣል ተብሎ። ማይኤስኪውኤል ይህን የጥንድ አጻጻፍ በኢንዴክስ በደንብ ስለማይጠቀምበት ዘርዝሩለት፤ ቀኑ የሚበልጥ፣ ወይም ቀኑ እኩል ሆኖ መለያው የሚበልጥ። ቀን ያልተሞላባቸው ረድፎች በዚህ መንገድ ፈጽሞ አይመጡም፤ ካሉ ለብቻ አምጧቸው።

የደረሱበትን መያዝ ላይ ቅደም ተከተሉ ወሳኝ ነው። 5,000 ረድፍ ወደ ሲኤስቪው ጻፉ፣ "ፍለሽ" እና "ኤፍሲንክ" አድርጋችሁ በእርግጥ ዲስክ ላይ መቀመጡን አረጋግጡ፣ ከዚያ ብቻ የደረሳችሁበትን የሚይዘውን ምልክት ጻፉ። ምልክቱ ሦስት ነገር ይያዝ፦ የመጨረሻው ቀን፣ የመጨረሻው መለያ ቁጥር፣ የሲኤስቪ ፋይሉ በዚያች ቅጽበት ያለው ርዝመት በባይት። ምልክቱን በጊዜያዊ ፋይል ጽፋችሁ "ሪፕሌስ" በሚለው ተኩት፤ በነባሩ ላይ እየጻፋችሁ መብራት ቢሄድ ምልክቱም ይበላሻል። ስትቀጥሉ መጀመሪያ ሲኤስቪውን ምልክቱ ላይ ባለው ርዝመት ቁረጡት፣ ከዚያ ከመጨረሻው መለያ ቀጥሉ። ርዝመቱን ካልያዛችሁ፣ ፋይሉ ተጽፎ ምልክቱ ሳይጻፍ መብራት የሄደባቸው ረድፎች ሁለት ጊዜ ይገባሉ። ቀኑን ስትመዘግቡ የሰከንድ ክፍልፋዩን አትጣሉ፤ ከተጣለ በዚያች ሰከንድ ያሉት ረድፎች ተመልሰው ይመጣሉ።

ስድስተኛ፦ የመጣውን አታከማቹ

በትንሽ በትንሹ አንብቦ ሁሉንም አንድ ሊስት ላይ መጨመር ከ"ፌችኦል" አይለይም። ድምር ከሆነ ደምሩና ረድፉን ልቀቁ፤ ፋይል ከሆነ ጻፉና ልቀቁ። ኤክሴል የሚፈልግ ክፍል ካለ አንድ ሉህ የሚይዘው 1,048,576 ረድፍ ብቻ መሆኑን ቀድማችሁ ንገሩት፤ 5 ሚሊዮኑ 5 ሉህ ይሆናል፣ ከፍቶ ማየቱም የራሱ ፈተና ነው። በኦፕንፓይኤክስኤል ስትጽፉ "ራይት ኦንሊ" የሚለውን አብሩ፤ ካልበራ እያንዳንዱን ሕዋስ ራም ውስጥ ይይዛል። ሲኤስቪ ከሆነና ኤክሴል ሲከፍተው አማርኛው ከተበላሸ፣ ፋይሉን በ"ዩቲኤፍ 8 ሲግ" ጻፉት። ፓንዳስ የምትጠቀሙ ደግሞ እንደ ቅርንጫፍና የዕቃ ስም ያሉ ተደጋጋሚ ጽሑፎችን ወደ "ካቴጎሪ" ቀይሩ፤ 20 ቅርንጫፍ 5 ሚሊዮን ጊዜ አይጻፍም።

ሰባተኛ፦ ለኩ፣ አመሳክሩ

ፓይተን ውስጥ ያለው የሜሞሪ መለኪያ "ትሬስማሎክ"፣ የዳታቤዝ ላይብረሪው በሲ ቋንቋ በተጻፈው ክፍሉ የያዘውን ሜሞሪ አያይም፤ ስለዚህ ቁጥሩ ትንሽ ቢሆን አትደሰቱ። የፕሮሰሱን አጠቃላይ ሜሞሪ ተመልከቱ፦ ሊኑክስ ላይ በ"ቶፕ" ውስጥ "ሬስ" የሚለውን ዓምድ፣ ዊንዶውስ ላይ ታስክ ማናጀርን። ትክክለኛ ንባብ ከሆነ ቁጥሩ በመጀመሪያዎቹ ጥቂት ዙሮች ወጥቶ ይረጋል። ሳያቋርጥ የሚወጣ ከሆነ የሆነ ቦታ ላይ እያከማቻችሁ ነው። በአንድ ጊዜ ዘሎ ወጥቶ ከዚያ ከረጋ ደግሞ ላይብረሪው ሁሉንም በአንዴ አስመጥቷል፤ ወደ አራተኛው ተመለሱ።

በመጨረሻ የረድፉን ብዛትና የገንዘቡን ድምር ከሰርቨሩ በአንድ ኩዌሪ ጠይቁና ከፋይሉ ጋር አመሳክሩ። የተዘጋ ዓመት ከሆነ እስከ ሳንቲሙ መግጠም አለበት። ያልተዘጋ ወር ከሆነ ግን እያነበባችሁ ሽያጭ ይገባል፤ ስለዚህ ሥራውን ስትጀምሩ ትልቁን መለያ ቁጥር ያዙና ንባቡንም ማመሳከሪያውንም በእሱ ላይ ገድቡ። የቆየ ደረሰኝ መሃል ላይ ተሰርዞ ወይም ታርሞ ከሆነ ይህ ገደብ አይዘውም፤ ልዩነት ከወጣ ከንባቡ መጀመሪያ ወዲህ የተቀየሩትን ደረሰኞች ብቻ አውጥታችሁ እነሱን ድጋሚ አንብቡ።